በጉ የት ገባ? ስለ ፋሲካና ስለ ቅዱስ ቁርባን

ከጅማ የደረሰኝን ጥያቄ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው የምኖረው። በቀደም ከሙስሊም ጎረቤቴ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ ‹እኛ በአረፋ በግ የምናርደው ኢብራሂምን አስበን ነው፤ የእናንተ የፋሲካ በግስ ለምንድን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹የፋሲካችን በግ ክርስቶስ ነው› አልኳት። ‹ታዲያ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ የሚቀርበው ኅብስት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ በጉ የት ገባ?› አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቤት ገብቼ ዘጸአት 12ን አነበብኩ። እዚያም ዋናው ነገር በጉ ነው። ጌታ በመጨረሻው እራት በጉን ትቶ ለምን ኅብስትና ጽዋ አነሣ? ቁርባናችን ከዚያ ፋሲካ ጋር የሚገናኘውስ በምንድን ነው? እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ራሴ ከልጅነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም።»

እኅቴ፣ ጎረቤትሽ ዋናውን ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ። ቅዳሴ እየቆምን ያደግን ብዙዎቻችን እንኳ ሳናነሣው እናልፋለን። እኔም እዚሁ ጅማ ብሉይ ኪዳን ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ በጉ መታረድ ብዙ ይጠይቁኛል። ስለ መበላቱ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። በትንሣኤ ዕለት ቤታችን የምናርደው በግ መሥዋዕት አይደለም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመናል። ጾሙ ሲፈታ ደስ ብሎን እንበላለን፣ ለጎረቤትም እናካፍላለን። በቃ፣ ይኸው ነው። የበግ ዋጋ ያልቻለ ዶሮ ቢያርድ፣ ዶሮም ያጣ ሽሮውን ቢበላ ከትንሣኤው የሚቀርበት ነገር የለም። ሃይማኖታችን «የፋሲካ በግ» ሲል ጓሮ የታሰረውን በግ ማለቱ አይደለም። መቅደስ ውስጥ የሚቀርበውን ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ዘጸአት 12 እንመለስ። ሰው ያን ምዕራፍ ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፈው ደሙ ላይ ነው። ልክ ነው፣ ደሙ ታላቅ ነገር ነው። ሂሶጵ የሚባለው ቅጠል በደሙ ተነክሮ ሁለቱ መቃንና ጉበኑ ይቀባል፤ እግዚአብሔርም «ደሙንም ባየሁ ጊዜ ከእናንተ አልፋለሁ» ይላል። ነገር ግን ምዕራፉን ረጋ ብለሽ ድገሚው። ስለ ደሙ የተነገረው አጭር ነው። ስለ አበላሉ የተነገረው ረጅም ነው።

በጉ ነውር የሌለበት፣ ተባዕት፣ የአንድ ዓመት ይሁን። ከበግ ወይም ከፍየል ይወሰድ። በወሩ በ10ኛው ቀን ተመርጦ እስከ 14ኛው ይጠበቅ። አራት ቀን ቤት ውስጥ ማለት ነው፤ ልጆቹ ሳይላመዱት አይቀሩም። ሲመሽ ይታረድ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ መብሉ ነው። ጥሬውን አትብሉ፣ በውኃም አትቀቅሉት፣ በእሳት ጥበሱት። ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋር ብሉት። ከእርሱ እስከ ጠዋት አታስቀሩ። ከቤት ወደ ውጭ አታውጡ። አጥንቱን አትስበሩ። ወገባችሁን ታጥቃችሁ፣ ጫማችሁን ተጫምታችሁ፣ በትራችሁን ይዛችሁ ብሉት። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር ይካፈል። ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደማይበላ ደግሞ በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ሌላ ሥርዓት አለ።

እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ። በጉን አረዱ። ደሙን በሩ ላይ ቀቡ። ሥጋውን ግን ሳይነኩት ተኙ። እነዚህ ሰዎች የታዘዙትን አድርገዋል? አላደረጉም። ደሙ የቤቱን በር ጠበቀ፤ ሥጋው ደግሞ በዚያው ሌሊት ለሚወጣው ሕዝብ ኃይል ሆነ። እግዚአብሔር ሁለቱንም ነው ያዘዘው። የፋሲካ በግ የታረደው ሊበላ ነው። ይህን ካልያዝን ጌታ በዚያች ሐሙስ ምሽት ያደረገውን አንረዳውም።

ከዚያ በኋላ ፋሲካ በየዓመቱ የሚከበር ሆነ። ዘዳግም 16 ግን አንድ ጥብቅ ነገር ጨመረ። ፋሲካን በየከተማህ አትሠዋ፣ እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ ብቻ ሠዋ ይላል። ስለዚህ በጌታ ዘመን አይሁድ ከያሉበት ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። በጉ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ይታረዳል። ካህናቱ ደሙን በመሠዊያው ሥር ያፈስሱታል። ሥጋው ወደ ከተማው ቤቶች ተወስዶ በቡድን በቡድን ይበላል።

ጽዋውስ ከየት መጣ ትይኝ ይሆናል። ዘጸአት 12 ላይ ወይን የለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን በምዕራፍ 49 የዚያችን ሌሊት ሲተርክ፣ እስራኤል የፋሲካውን ሥጋ እየበሉ፣ ወይን እየጠጡ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ነበር ይላል። ይህ መጽሐፍ በዕብራይስጥ በቁርጥራጭ ብቻ ነው የተገኘው፤ ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግእዛችን ነው። ስለዚህ ጌታ በተወለደበት ዘመን ወይን የፋሲካ ማዕድ አንድ ክፍል ሆኖ መቆየቱን ከራሳችን መጽሐፍ ማወቅ እንችላለን። ቆይተው የተጻፉት የአይሁድ መምህራን ሥርዓቶች ደግሞ ጽዋውን አራት ያደርሱታል። ሉቃስ በምዕራፍ 22 ሁለት ጊዜ ጽዋ ሲያነሣ የምናየው ለዚህ ነው። ማቴዎስም እራቱ ሲያበቃ መዝሙር ዘምረው ወደ ደብረ ዘይት ወጡ ይላል። በፋሲካ የሚዘመሩት መዝሙራት የታወቁ ናቸው። መጨረሻቸው በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 117 ነው፤ «ግንበኞች የናቁት ድንጋይ» የሚለው ያለበት። ጌታ ወደ ጌቴሴማኒ ሲሄድ ከአፉ የወጣው መዝሙር ይህ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው። ፋሲካ የልጆች ጥያቄ ያለበት በዓል ነው። ልጆቻችሁ ይህ ሥርዓት ለእናንተ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሏቸው ይላል፤ ዘጸአት 12 ቁጥር 26። ምዕራፍ 13 ላይ መልሱን ሲያስተምር አባት ለልጁ «እኔ ከግብፅ በወጣሁ ጊዜ እግዚአብሔር ስላደረገልኝ» እንዲለው ያዛል። ልብ በይ፣ «አያቶቻችን ሲወጡ» አላለም። ከሙሴ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ናዝሬት ውስጥ የተወለደ አናጺም ለልጁ «እኔ በወጣሁ ጊዜ» ነው የሚለው። የአይሁድ መምህራንም ይህን ይዘው፣ ሰው በየትውልዱ እርሱ ራሱ ከግብፅ እንደወጣ አድርጎ ራሱን ሊያይ ይገባዋል ብለው ጻፉ። የፋሲካ መታሰቢያ ይህ ነው። የድሮ ነገር ትዝ ብሎን ዝም የምንልበት አይደለም። በልቼ የምገባበት ነው። ጌታ «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» ሲል የሰሙት ሐዋርያት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት መታሰቢያ እንዲህ ያለው ነበር።

እንግዲህ የመጨረሻው እራት ወደ ተበላበት ቤት፣ ወደ ጽርሐ ጽዮን እንግባ። ጌታ ጴጥሮስንና ዮሐንስን «ሄዳችሁ ፋሲካን እንድንበላ አዘጋጁልን» ብሎ ላካቸው። ከተማ ገብተው አዘጋጁ። ማታ ከዐሥራ ሁለቱ ጋር ተቀመጠ። ይህን ፋሲካ ከእነርሱ ጋር ሊበላ እጅግ ይመኝ እንደነበረ ነገራቸው።

እዚህ ላይ ጥያቄሽን በጥቂቱ ላስተካክለው። «በጉን ትቶ» ብለሻል። ወንጌላውያኑን አንድ በአንድ ብትመለከቺ፣ በጉ ስለሚታረድበት ቀን ማርቆስም ሉቃስም ይናገራሉ። በማዕዱ ላይ በግ ተበላ የሚል ግን አራቱም ጋ የለም። ኅብስቱ አለ፣ ጽዋው አለ፣ ወጡ የሚጠቀስበት ዕቃ እንኳ አለ። በጉ በስም አልተጠራም። ዮሐንስ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። በእርሱ አተራረክ ጌታ በተሰቀለበት ቀን ጠዋት የካህናት አለቆቹ ገና ፋሲካን አልበሉም፤ እንዳይረክሱ ብለው ወደ ጲላጦስ ግቢ አልገቡም። የሦስቱን ወንጌላውያንና የዮሐንስን አቆጣጠር እንዴት እንደምናስታርቅ አባቶች ብዙ ጽፈዋል፤ እዚህ አልገባበትም። ዮሐንስ ሊያሳየን የፈለገው ግን ግልጽ ነው።

አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ የፋሲካ በጎች በቤተ መቅደስ የሚታረዱት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው ይላል። ጌታ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልገንም፤ ዓርብ ስቅለት ስንሰግድ የምናውቃት ዘጠኝ ሰዓት ናት። ጭፍሮቹም የሁለቱን ወንበዴዎች እግር ሲሰብሩ የእርሱን አልሰበሩም። ዮሐንስ ይህን ከነገረን በኋላ «ከእርሱ አጥንት አይሰበርም» የሚለው ቃል ተፈጸመ ይላል። ያ ቃል ደግሞ ከዘጸአት 12 የመጣ የበጉ ሕግ ነው። ሆምጣጤውን ወደ አፉ ያቀረቡለት ሂሶጵ ላይ አድርገው እንደሆነ የሚነግረንም ዮሐንስ ነው።

ስለዚህ «በጉ የት ገባ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ በጉ ማዕዱ ራስ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጥምቁ ዮሐንስ «እነሆ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ» ብሎ አስቀድሞ በጣቱ አሳይቶታል። ጳውሎስም «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአልና» አለ። ያ ሁሉ ዘመን የታረደው በግ ወደ እርሱ ይጠቁም ነበር። ጌታ የጠብሱን ሥጋ አንሥቶ «ይህ ሥጋዬ ነው» ቢል ኖሮ ጥላው ሳያልፍ በቀረ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ደም የምታፈስስ ትሆን ነበር። የዕብራውያን መልእክት አጥብቆ የሚከራከረው ለዚህ ነው። መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ቀርቧል፤ ሌላ እርድ አይፈለግም።

ግን የታረደው በግ መበላት አለበት ብለናል። በቀራንዮ የታረደውን በግ ጅማ ያለችው ሴት እንዴት ትብላው? አክሱም ያለው፣ ሮም ያለው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የሚወለደው እንዴት ይብላው? ኅብስቱና ጽዋው የተሰጡት ለዚህ ነው።

የቀድሞው በግ ከአንድ ከተማ ጋር የታሰረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ70 የሮም ጦር በቲቶ መሪነት ኢየሩሳሌምን ያዘ፣ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የአይሁድ የፋሲካ ማዕድ በግ የማይታረድበት ማዕድ ሆነ። ዛሬም ለመታሰቢያ አንድ የተጠበሰ አጥንት ያስቀምጣሉ፤ ቂጣው፣ መራራው ቅጠልና ጽዋው አለ፤ መሥዋዕቱ ግን የለም። በገሪዛን ተራራ ላይ በጉን እስከ ዛሬ የሚያርዱት ሳምራውያን ናቸው። ጌታ ማዕዱን ለሐዋርያት የሰጠው ከዚያ ጥፋት አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ቤተ መቅደሱ በማይኖርበትም ዘመን፣ በማንኛውም አገር ሊቀርብ የሚችል መሥዋዕት አስቀመጠ። ነቢዩ ሚልክያስ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያዋ፣ በአሕዛብ መካከል፣ በየስፍራው ንጹሕ ቁርባን ይቀርባል ያለው ይህንን ነው። ጅማ ላይ ስንዴ አለ፣ ዘቢብም አለ። ኢየሩሳሌም ድረስ በግ መንዳት አያስፈልግም።

ኅብስትና ወይን ደግሞ በዚያ ምሽት ድንገት የመጡ አይደሉም። የልዑል እግዚአብሔር ካህን መልከ ጼዴቅ አብርሃምን የባረከው ኅብስትና ወይን ይዞ ነው። ዳዊትም ስለ መሲሑ «እንደ መልከ ጼዴቅ ሹመት አንተ ለዘላለም ካህን ነህ» ብሏል። እስራኤል በምድረ በዳ የኖሩት ከሰማይ በወረደ መና ነው። ቂጣው ራሱ ዘዳግም ላይ የመከራ እንጀራ ተብሏል። ጌታ ያንን የመከራ እንጀራ አንሥቶ ባረከ፣ ቆረሰ፣ «ስለ እናንተ የሚሰጠው ሥጋዬ ይህ ነው» አለ። በማግሥቱ የሚሆነውን መከራ በእጁ ይዞ ነው የሰጣቸው።

ስለ ጽዋው ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ ያልፋል። ማዕዱ ላይ የነበሩት ሁሉ አይሁድ ናቸው። በሕይወታቸው ደም ቀምሰው አያውቁም። ዘሌዋውያን 17 የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ደም የሚበላ ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ይላል። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጅማ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲያርድ ደሙን መሬት ላይ ያፈስሳል፤ ማንም አይነካውም። እንዲህ ላሉ ሰዎች ነው ጌታ ጽዋ ሰጥቶ «ሁላችሁ ከእርሱ ጠጡ፤ ደሜ ይህ ነው» ያላቸው። በምድር ላይ ከዚህ የሚያስደነግጥ ቃል አልሰሙም።

ቃሉን የወሰደው ከዘጸአት 24 ነው። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው ሲና ሥር ሲደርሱ ሙሴ የመሥዋዕቱን ደም ግማሹን በመሠዊያው ላይ ረጨ። ግማሹን ደግሞ በሕዝቡ ላይ ረጭቶ «እነሆ፣ የቃል ኪዳኑ ደም» አለ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተራራው ላይ ወጥተው በእግዚአብሔር ፊት በሉ፣ ጠጡ። እዚያም መሥዋዕቱ በማዕድ ነው ያለቀው። አሁን የደሙን መንገድ ተከተይው። ግብፅ ላይ ደሙ በር ላይ ተቀባ። ሲና ላይ በሰው ገላ ላይ ተረጨ። በጽርሐ ጽዮን ወደ ሰው ውስጥ ገባ። ኤርምያስ በምዕራፍ 31 አዲስ ኪዳን ይመጣል፣ ሕጌን በልቡናቸው አኖራለሁ ሲል የተናገረው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ኪዳን ነው። ሕግ ደምን የከለከለው ሕይወት ስለሆነ ነው፤ ሕይወትም የእግዚአብሔር ነው። አሁን ባለቤቱ ራሱ ሕይወቱን ሰጠን። የበግ ሕይወት ወደ ውስጣችን ቢገባ ምን ይጠቅመናል? የእርሱ ሲገባ ግን ሞት ይሸነፋል።

ዮሐንስ 6ን እዚህ ላይ አንብቢው። «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» የሚለው ቃል ያለበት ነው። ምዕራፉ ሲጀምር ወንጌላዊው «ፋሲካ ቀርቦ ነበር» ብሎ ጊዜውን ይነግረናል። ሰዎቹ ቃሉ ከብዷቸው ጥለውት ሲሄዱ ጌታ «ምሳሌ ነው፣ ተመለሱ» አላላቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን ኅብስቱ አማናዊ ሥጋ፣ ወይኑ አማናዊ ደም ይሆናል ብላ የምታምነው ከዚህ ተነሥታ ነው። የሃይማኖታችን ምሰሶ ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ምሥጢረ ቁርባን የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከወንጌላውያን ወገኖቻችን መካከል ይህን እንደ መታሰቢያ ብቻ የሚያዩት ብዙ ናቸው፤ የሉተርን ትምህርት የያዙት ደግሞ ጌታ በእውነት በማዕዱ አለ ይላሉ። ልዩነታችን ትንሽ አይደለም፤ ጥላቻ ግን አያስፈልገውም። የማዕዱ ሥር ፋሲካ መሆኑን ሁላችንም እንቀበላለን።

በሥርዓታችን ውስጥ በጉን ማየት ትፈልጊያለሽ? ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት ከመቅደሱ ውጭ ያለውን ትንሹን ቤት ተመልከቺ። ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ያ ቤት ቤተ ልሔም ነው የሚባለው። ጌታ እንደ ተወለደባት ከተማ ማለት ነው። ከዚያ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ደወል እየተደወለ ወደ መቅደስ ይገባል። የግብፅ ክርስቲያኖች ጋ ብትሄጂ ደግሞ ካህኑ ከቀረቡለት ኅብስቶች መካከል ነውር የሌለበትን እየመረመረ ሲመርጥ ታያለሽ። የተመረጠውን ኅብስት «በጉ» ነው የሚሉት። ዘጸአት 12 ቁጥር 5 መሠዊያው ፊት በየቅዳሴው ይፈጸማል። ጎረቤትሽ በጉ የት ገባ ካለችሽ እዚያ ነው።

ደግሞ ቅዳሴ ላይ ስንት ጊዜ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» ብለሻል? ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፣ ዕርገትህንና ዳግመኛ መምጣትህን እናምናለን ነው የምንለው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ይህን እንጀራ በበላችሁ ጊዜ ሁሉ ይህንንም ጽዋ በጠጣችሁ ጊዜ ሁሉ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ሞቱን ትናገራላችሁና» ብሎ የጻፈው ነው፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይመልሰዋል። አይሁዳዊው አባት ለልጁ «እኔ በወጣሁ ጊዜ» ብሎ እንደሚናገር እኛም ሞቱንና ትንሣኤውን ቆመን እንናገራለን። ጸሎተ ሐሙስ እናቶቻችን ጉልባን የሚቀቅሉትም እስራኤል ሊጡ ሳይቦካ በችኮላ መውጣታቸውን ለማሰብ ነው ይላሉ አባቶች። ጅማ ውስጥ ባቄላውንና ስንዴውን ስታጥቢ ፋሲካው ወጥ ቤትሽ ድረስ ገብቷል።

ለጎረቤትሽ ስትመልሺ ክርክር አታድርጊው። እሷ ኢብራሂምን አንሥታለች፤ አንቺም ከዚያው ጀምሪ። በኦሪት ዘፍጥረት 22 ልጁ «በጉ ወዴት ነው?» ብሎ አባቱን ጠየቀ። አብርሃምም እግዚአብሔር በጉን ያዘጋጃል አለው። ኩፋሌ ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ወር፣ ከፋሲካው ሰሞን ጋር ያያይዘዋል። «እኛ ያ የተዘጋጀው በግ ክርስቶስ ነው ብለን እናምናለን፤ እርሱ አንድ ጊዜ ስለታረደ ሌላ አናርድም፤ ራሱን በኅብስትና በወይን ሰጠን፣ እርሱን ነው የምንቀበለው» በያት። ላትቀበለው ትችላለች። ነገር ግን የምናምነውን በትክክል ታውቀዋለች፤ ጉርብትናችሁም አይጎዳም።

አሁን ወደ መጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ልምጣ። ልቤን የያዘው እሱ ነው። ከልጅነትሽ ወዲህ አልቆረብሽም። ብቻሽን አይደለሽም፤ በየአጥቢያው የማየው ይኸው ነው። ሕፃናት ይቆርባሉ፣ አረጋውያን ይቆርባሉ፤ መካከል ያለው ትውልድ ኪዳን ያደርሳል፣ ያስቀድሳል፣ ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሠርግ ተጠርቶ፣ መሶቡ እስኪቀርብ ቆሞ፣ ሳይቆርስ እንደሚመለስ እንግዳ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ከአክብሮት የተነሣ ነው፤ «እኔ ማን ሆኜ» ብለው። ፍርሃቱን አልነቅፍም። ጳውሎስም ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት ብሏል። ነገር ግን እዚያው ላይ «ሰው ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ነው የሚለው። ራሱን ፈትኖ ከማዕዱ ይራቅ አላለም።

ዘኍልቍ 9ን አንብቢልኝ። ጥቂት ሰዎች የሞተ ሰው ነክተው ረክሰው ስለነበር ፋሲካን በቀኑ ማድረግ አልቻሉም። ወደ ሙሴ መጥተው ለምን እንከለከላለን ብለው ጠየቁ። ሙሴ በራሱ አልመለሰላቸውም፤ እግዚአብሔርን ጠየቀ። እግዚአብሔርም በሁለተኛው ወር በ14ኛው ቀን ሌላ ፋሲካ ሰጣቸው። በመርከስ ወይም በሩቅ መንገድ ምክንያት ያልደረሰ ሁሉ በዚያ ቀን ይብላ አለ። ወቀሳ ያለው ለሌላ ሰው ነው፤ ንጹሕ ሆኖ፣ መንገድም ሳይሄድ ፋሲካን ለተወው። ለእንደዚያ ያለው ቃሉ ከባድ ነው። ይፈልግ ለነበረና ላልቻለው ግን ሁለተኛ ቀን ተከፈተ። እኔ ንስሐን የማየው እንዲህ ነው፤ ለዘገየ ሰው የተሰጠ ሁለተኛ ወር።

ስለዚህ የንስሐ አባት ከሌለሽ በአጥቢያሽ ካሉት ካህናት አንዱን በዚህ ሳምንት አነጋግሪ። «ከልጅነቴ ወዲህ አልቆረብኩም፣ መቁረብ እፈልጋለሁ» በያቸው፤ መግቢያ ቃል አያስፈልግሽም። ባለትዳር ከሆንሽ ባለቤትሽም ቢኖር ይሻላል፣ አብራችሁ ብትቀርቡ ደግሞ የበለጠ። የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚ። በዋዜማው እህል ውኃ ሳትቀምሺ 18 ሰዓት ትጾሚያለሽ። ቅዳሴውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁሚ፤ ንስሐዬ ተቀባይነት አግኝቷል ብለሽ አርፍደሽ አትምጪ። ካህኑ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን ዕርፈ መስቀል በሚባለው ማንኪያ ያቀብሉሻል። ከዚያ ጸበል ትጠጫለሽ፤ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ትወጫለሽ።

ልጆች ካሉሽ ይዘሻቸው ሂጂ። በግብፅ ሌሊት ማዕዱ ላይ ልጆች ነበሩ። በመንገድ ላይ «እማዬ፣ ምንድን ነው የቀመስነው?» ሲሉሽ ከዘጸአት 12 ቁጥር 26 ጀምረሽ ንገሪያቸው።